የወር አበባ ሲበዛ ምን ይሻላል? ክኒኑ፣ መርፌው፣ ሉፑ ወይስ ቀዶ ጥገናው

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ደም የነካው አንሶላ ልዘፈዝፍ ተነሳሁ። ቢጫውን ጀሪካን ላነሳ ስል አቃተኝ። ግማሽ እንኳ ውሃ አልነበረውም። ልቤ ደረጃውን በሩጫ የወጣሁ ይመስል ይደልቃል። ጆሮዬ ይጮሃል። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ "ይሄ ነገር ጤና አይደለም" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

እስከዚያ ቀን ድረስ "የእኛ ቤት ሴቶች ደም ይበዛብናል" እያልኩ ነበር የኖርኩት። እናቴም እንደዚያው ነበረች። ፔሬዴ ዘጠኝ፣ አስር ቀን ይቆያል። ሥራ የምሄደው በጥቁር ሱሪ ነው። ሃይገር ውስጥ ከወንበር ስነሳ ዞር ብዬ ወንበሩን ማየት ልማዴ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ስመረመር ሄሞግሎቢኔ (የደም ማነስ የሚለካበት ነው፣ መነሻው 12 ነው) 7.6 ወጣ። ማህፀኔ ውስጥ ደግሞ ማዮማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ እጢ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የብሎካችን ሴቶች ደረጃ ላይ ያስቆሙኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ "አንቺን ምን አዳነሽ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።" ስሙን ብቻ መንገር አልወድም። ለእኔ የሆነው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላለችው ጎረቤቴ አልሆነም። ለእሷ የተሰጣት ደግሞ ለእኔ አይሆንም ነበር፤ እኔ ሌላ ልጅ መውለድ እፈልግ ነበር። የቱ መድኃኒት ይሻላል ከማለት በፊት ደሙ ከየት ነው የሚመጣው የሚለው መመለስ አለበት። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ፊት ስትቀመጪ ምን እንደምትጠይቂ ግን ላሳይሽ እችላለሁ።

ብዙ ማለት ስንት ነው?

"ብዙ" የሚለው ቃል አያግባባም። ሐኪሙ "ደሙ ይበዛል?" ይልሻል፣ አንቺ "አይ፣ እንደ ድሮው ነው" ትያለሽ። ድሮም ብዙ እንደነበር አታውቂም። ስለዚህ በቁጥር እናውራ።

ጤናማ የወር አበባ ከአንዱ ወር የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ ወር የመጀመሪያ ቀን ሲቆጠር ከ24 እስከ 38 ቀን ይሆናል። ደሙ ከ8 ቀን በላይ አይቆይም። በመሃል ጠብ ጠብ አይልም። በጥናት ላይ "በዝቷል" የሚባለው በአንድ ፔሬድ ከ80 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ነው። ይህ ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይርቅም።

ሲኒ ይዞ የሚለካ የለም። ግን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የነጥብ አቆጣጠር አለ፣ ቤት ውስጥም ይሠራል። ሞዴስ ስትቀይሪ እይው። ደሙ ጥቂት ብቻ ከነካው 1 ጻፊ። መካከለኛ ከሆነ 5። ጥግ እስከ ጥግ ከራሰ 20። ትንሽ የረጋ ደም ካየሽ 1፣ ትልቅ ከሆነ 5 ጨምሪ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ደምሪው። ከ100 ካለፈ በዝቷል ማለት ነው። እኔ ወረቀቱን ከፍሪጁ ጎን ለጥፌ ነበር። በሁለተኛው ቀን ብቻ 140 ሞላ። ያቺን ወረቀት ይዤ ስገባ ሐኪሟ አንዴ አይታ ብዕሯን አነሳች። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በአፍ ስነግራቸው ማንም ብዕር አንስቶ አያውቅም።

ጨርቅ የምትጠቀሚ ከሆነ ነጥቡ በደንብ አይያዝም። ያኔ ኑሮሽን እይ። ሌሊት ለመቀየር ትነሻለሽ? ሁለት ደርበሽ ታደርጊያለሽ? የ1 ብር ሳንቲም የሚያክል የረጋ ደም ይወጣል? ከሥራ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሠርግ ትቀሪያለሽ? ዛሬ ሐኪሞችም ከሚሊ ሊትሩ ይልቅ ይህንን ነው የሚያስቀድሙት።

ለልጃገረዶች አንድ ነገር ልጨምር። ፔሬድ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ቀኑ መዛባቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው ፔሬድ ጀምሮ በኃይል የሚፈሳት፣ ነስር የማይለቃት፣ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ የሚደማ፣ ትንሽ ስትነካ የሚበልዝባት ልጅ ካለች፣ ደሟ በወጉ የማይረጋ ሊሆን ይችላል። "ስትወልድ ይተዋታል" ብሎ መጠበቅ እሷን መጉዳት ነው።

ፋርማሲ፣ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክ ወይስ ሆስፒታል?

ከተማው ዳር ለምንኖር ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላል። ደም እየፈሰሰሽ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ደግሞ ራሱን የቻለ ስቃይ ነው።

ፋርማሲ ቅርብ ነው፣ ሰልፍ የለውም። ለአንድ ነገር እወደዋለሁ፤ ለእርግዝና መመርመሪያ። ወጣት ነሽ፣ ባል ወይም ጓደኛ አለሽ፣ ደምሽ ተዛባ? ሌላ ነገር ከማሰብሽ በፊት እሱን ግዢ። "ፔሬዴ በዛ" የተባለው ውርጃ ወይም ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ነፍስ ያጠፋል። ፋርማሲ ሄደሽ "ደም የሚያቆም ስጡኝ" ማለት ግን በሽታውን መሸፈን ነው። ፖስት ፒልንም ላንሳ፣ በዝምታ የሚታለፍ ነገር ስለሆነ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ የምትወስጂው ከሆነ ለፔሬድሽ መዛባት ሰበቡ እሱ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ አትደብቂ።

ጤና ጣቢያ ለመጀመሪያ ምርመራ የሚሻለው ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። የእርግዝና ምርመራ ይሠራል፣ የደም ማነስ ይታያል፣ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎቱ በነጻ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም በብዙዎቹ ይሰጣል፤ በአሴቲክ አሲድ ቀብተው ያዩታል፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የጤና መድን ካርድ ካለሽ ደግሞ መንገዱ ከዚሁ ይጀምራል። ሪፈር ሳትይዢ ሆስፒታል ብትሄጂ መድንሽ ላይሸፍንልሽ ይችላል። ጉድለቱ ሰልፉ ነው። አልትራሳውንድ የሌለበትም አለ።

የግል ክሊኒክ በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ያነሳሻል። ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን ተጠንቀቂ። እኔ ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ አነሳኝ። ሦስቱም "ማዮማ አለ" ነው የሚለው። አንዴም ቢሆን ደሜን አልለኩም። ስለዚህ ክሊኒክ ከሄድሽ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ራስሽ ጠይቂ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ተቀበይና ያዢው። ለሚቀጥለው ሐኪም እሱ ነው የሚጠቅመው።

የማህፀን ስፔሻሊስት የሚያስፈልግሽ ከሆነ ሆስፒታል የግድ ነው። ለእኛ ለአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ አለ። በአያት በኩል ላላችሁ የካ ኮተቤ፣ በጀሞና በሰበታ መንገድ አለርት፣ በቡራዩ በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ይቀርባል። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሆኖም ናሙና የሚወሰደውም ቀዶ ጥገናው የሚሠራውም እዚያ ነው።

ደሙ የሚናገረው

ሰበቡ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአልትራሳውንድ ወይም በናሙና የሚታይ ነው፦ ፖሊፕ (ማህፀን ውስጥ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ)፣ ማዮማ፣ የማህፀን ሽፋን ወደ ጡንቻው ሲገባ የሚመጣው ሕመም፣ ካንሰር። ሁለተኛው አይታይም፦ የሆርሞን መዛባት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ደም በወጉ አለመርጋት፣ የምትወስጂው መድኃኒት።

አመጣጡም ፍንጭ ይሰጣል። ቀኑን ጠብቆ እየመጣ በጣም የሚፈስ ከሆነ ማዮማና መሰሎቹ ይጠረጠራሉ። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ሁለት ወር ጠፍቶ ሲመጣ የሚጥለቀለቅ ከሆነ ሆርሞን ነው የሚጠረጠረው። ከግንኙነት በኋላ የሚደማ ከሆነ የማህፀን በር መታየት አለበት። ከ45 ዓመት በላይ ሆነሽ ደምሽ ከተዛባ ከማህፀንሽ ሽፋን ናሙና መወሰዱን ጠይቂ። ናሙናው ሳይታይ የወራት መድኃኒት ተጽፎልሽ አትመለሺ።

የምድር ቤቷ ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ፔሬዳቸው ከቆመ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ ዝቅ ብለው "ልጅነቴ ተመለሰ መሰለኝ፣ ትንሽ ደም አየሁ" አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። ፔሬድ አንድ ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ዝም አይባልም። በማግስቱ ይዣቸው ሄድኩ። የእሳቸው ፖሊፕ ሆኖ ተገኘ፣ ወጣላቸው። ሌላም ሊሆን ይችል ነበር።

መድኃኒቶቹ ሲነጻጸሩ

ሆርሞን የሌላቸው ሁለት ናቸው። አይቡፕሮፌን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደሙንም በሩብ እስከ ሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ነው። ቁርጠቱን ያስታግሣል፣ ርካሽ ነው፣ የሚወሰደው በፔሬዱ ቀናት ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከምግብ በኋላ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካመመሽ አይሆንም። አስፕሪን በእሱ ቦታ እንዳትወስጂ፣ ደሙን ያባብሳል።

ትራኔክሳሚክ አሲድ ከዚያ ይበረታል። የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል፣ ፍሰቱን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርዳል። የተለመደው አወሳሰድ 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ደሙ በሚበረታባቸው ቀናት፣ ከ5 ቀን ሳያልፍ ነው። መውለድ የምትፈልግ ሴት ልትወስደው ትችላለች፤ ለእኔ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ሁለት ነገር ግን አያደርግም፦ ሕመም አያስታግሥም፣ የተዛባ ቀን አያስተካክልም። እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት ልትወስደው አይገባም። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል፣ እኔም እንደዚያው ነበር የታዘዘልኝ።

ወደ ሆርሞኖቹ ስንመጣ፣ የወሊድ መከላከያው ክኒን ቀኑ ለተዛባባት የተሻለ ነው። ደሙን ይቀንሳል፣ ቀኑንም ያስይዛል። በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ የምትችል ሴት ትምረጠው። ደም ግፊት ያለባት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚነሳ ማይግሬን ያለባት፣ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ ሴት ግን ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን መውሰድ የለባትም። የሁለተኛ ፎቋን ጎረቤቴን ያስቀራትም ይሄ ነው። ለእሷ ኖሬቲስቴሮን የሚባል ኤስትሮጅን የሌለበት ክኒን ተሰጣት። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ተናገሪ፤ አንዳንዶቹ የክኒኑንና በክንድ የሚቀበረውን ኃይል ይቀንሳሉ።

የሦስት ወር መርፌ ለሩቅ ነዋሪ ይመቻል። በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ። ዓመት ከቆየሽበት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ፔሬዳቸው ጨርሶ ይቆማል። ይሄ ጤና ነው፣ ደሙ ውስጥ አይጠራቀምም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ያስቸግራሉ፣ ጠብ ጠብ ማለቱ ያሰለቻል። ካቆምሽው በኋላ ለመፀነስ እስከ ዓመት ገደማ ሊዘገይ ይችላል። ዘንድሮ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ መርፌውን አልመክርሽም።

በክንድ የሚቀበረው ለወሊድ መከላከያ ድንቅ ነው። ለደም መብዛት ብቻ ተብሎ ግን አይመረጥም፣ ራሱ ፔሬድን ያዛባል። ካስቀበርሽ በኋላ ደም ካስቸገረሽ ጎትተሽ ለማስወጣት ከመቸኮልሽ በፊት ያስገባችልሽን ነርስ አነጋግሪ፤ የሚያረጋጋው መድኃኒት አለ።

ሁለቱ ሉፖች አንድ አይደሉም

ብዙ ሴት የምትሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልጻፈው። "ሉፕ" የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ማህፀን ውስጥ ይቀመጣሉ። ደም ላይ የሚያደርጉት ግን ተቃራኒ ነው።

በየጤና ጣቢያው የሚገኘው የመዳብ ሉፕ ነው። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ሆርሞን የለውም። ነገር ግን ደምን ይጨምራል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ደም ለሚበዛባት ሴት እሱን ማስገባት እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

ሆርሞን ያለው ሉፕ ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን በትንሽ በትንሹ እዚያው ማህፀን ውስጥ ይለቃል። ደሙን ከ70 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ በመድኃኒት ደረጃ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት ይሠራል። በወጣ ጊዜ መውለድ ይቻላል። ደም ግፊት ያለባትም ልትጠቀመው ትችላለች። ሦስት፣ ስድስት ወር ጠብ ጠብ ማለቱን መታገሥ ይጠይቃል። ማዮማው የማህፀኑን ክፍት ቦታ ካጣመመው አይቀመጥም፣ ሊወጣም ይችላል። ችግሩ በየቦታው አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ከመንገድሽ በፊት ስልክ ደውለሽ "የሆርሞን ሉፕ አላችሁ? የመዳቡን አይደለም" ብለሽ ጠይቂ። እንዲህ ቁርጥ አድርገሽ ጠይቂ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ሉፕ ለደም ጥሩ ነው" ሲባል ሰምታ የመዳቡን አስገብታ አራት ወር ስትሰቃይ አይቻለሁ።

ቀዶ ጥገና ሲመጣ

"ማህፀኔን ጠረጉልኝ፣ ዳንኩ" የምትል ሴት ትሰሚያለሽ። መጠረግ የሚፈሰውን ያስቆማል፣ ለምርመራም ናሙና ይሰጣል። ግን ሰበቡን አይነቅልም፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሊመለስ ይችላል።

እውነተኛው ምርጫ ማዮማውን ብቻ በማውጣትና ማህፀኑን በማውጣት መካከል ነው። መውለድ ከፈለግሽ የመጀመሪያው ነው። እኔ እሱን ነው ያደረግኩት። ማዮማ ግን ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፣ ወደፊትም በኦፕራሲዮን እንድትወልጂ ሊወሰን ይችላል። ወልደሽ የጨረስሽ፣ መድኃኒቱ ያልሠራልሽ ከሆነ ማህፀን ማውጣት ዘላቂው መፍትሔ ነው። እንቁላል ማምረቻዎቹ እስካልተነኩ ድረስ ያን ዕለት አታረጪም። ሴትነትሽም አብሮ አይወጣም። ይህን የምለው ባሏ "ባዶ ትሆናለች" ብሎ ስለከለከላት ለዓመታት ደም እየፈሰሳት የኖረች ሴት ስለማውቅ ነው። ውሳኔው ያንቺ ነው፣ ስጋውም ያንቺ ነው። ባልሽን ይዘሽው ግቢ፣ ሐኪሙ ለሁለታችሁ ያስረዳ። ትንሽና ሕመም የሌለው ማዮማ ደግሞ ጭራሽ ላይነካ ይችላል። ማዮማ አለ ማለት ይቆረጣል ማለት አይደለም።

አይረኑ ከየትኛውም ምርጫ ጋር ይሄዳል

ደሙ ዛሬ ቢቆም እንኳ የፈሰሰው አይመለስም። ለዚህ ነው አይረን የሚያስፈልግሽ። ጥሩ ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝ ጉበት ብዪ። ሄሞግሎቢንሽ ሰባት ከሆነ ግን በምግብ ብቻ አትደርሺበትም። ሌላም የከፍታ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ይፈልጋል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት መነሻው 12 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በእኛ ዓይነት ከፍታ ላይ ከ1 ግራም በላይ ከፍ ተደርጎ እንዲታይ ያደርጋል። "12 ነው፣ ደህና ነሽ" ከተባልሽና ደረጃ መውጣት ካደከመሽ ይህን አንሺ።

የአይረኑን ክኒን በባዶ ሆድ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ውሰጂ። ሆድሽን ካመመሽ ከምግብ ጋር ይሁን፣ ወይም በየሁለት ቀኑ፤ ያም ይሠራል። ቡናና ሻይ ግን ጠላቶቹ ናቸው፣ ወተትም። ከክኒኑ ሁለት ሰዓት አርቂያቸው። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነበር፤ ጀበናው ሲቀርብ ተነስቶ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ክኒኑን ወደ ማታ አዛወርኩት። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሄሞግሎቢንሽ ከተስተካከለም በኋላ ሦስት ወር ያህል ቀጥዪው፣ ጎተራው እስኪሞላ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ወስጄ ከሞላልኝ በኋላ ነው ኦፕራሲዮን የሆንኩት፣ ደምም ሳይሰጠኝ ወጣሁ።

ጠዋትን የማይጠብቅ

በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ እየራሰ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ስትቆሚ ከዞረብሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ፣ እርጉዝ ሆነሽ ወይም ልትሆኚ እየቻልሽ ደም ከታየሽና ሆድሽን በአንድ ወገን ወጋ ካደረገሽ፣ ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቂ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎኩ ቁጥር ሌሊት አይታይም። አንድ ሰው ስልክ መብራት አብርቶ አስፋልቱ ላይ ይቁም፣ ጥበቃውም ግቢውን ከፍቶ ይጠብቅ። ሞዴስ፣ ነጠላ፣ የመድን ካርድና የላብራቶሪ ወረቀቶችሽን በአንድ ፌስታል አድርገሽ በር ላይ ስቀዪ። የእኔ ፌስታል ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ባለፈው ወር ለሦስተኛ ፎቋ ልጅ ሌሊት ተበድሯል።